በደመወዜ የተገዛች ሰማያዊ ሳይክል፦ «ሳይክል ቱ ወርክ»ን ዓመት ከመንፈቅ ተጠቅሜበት

ባሕር ዳር ተወልጄ አድጌ ለንደን ውስጥ 11 ዓመት ሙሉ ሳይክል ሳልነካ መኖሬን ሳስበው ይገርመኛል። እኛ ሰፈር ሳይክል እንደ ቤት ዕቃ ነበር። ተማሪው በሳይክል፣ አስተማሪው በሳይክል፣ ገበያተኛው በሳይክል። ከተማው ሜዳ ነው፤ ዳገት የሚባል ነገር አያስቸግርም። አባቴ መጀመሪያ እኔን ትምህርት ቤት ያደርሰኛል፤ ከዚያ በዚያው ሳይክል ወደ ሥራው ይሄዳል። ከኋላ ተቀምጬ የሸሚዙን ጫፍ ጨብጬ የምይዘው ነገር እስከ ዛሬ እጄ ላይ አለ።

ያችን ሳይክል አባቴ የገዛት በእቁብ ነው። የመጀመሪያው ዕጣ ደረሰው። ብሩን ተቀብሎ ሳይክሏን ገዛ። ከዚያ እየነዳት ዕጣውን እስከ መጨረሻው ከፈለ። እናቴ «ሳይክሏ ራሷን ከፈለች» ትል ነበር፤ የታክሲ ወጪ ስለቀረ።

ይህን ከመነሻው ያመጣሁት በምክንያት ነው። መሥሪያ ቤቴ «ሳይክል ቱ ወርክ» የሚባለውን፣ አሠሪ ሳይክል ገዝቶ ከደመወዝ ቀስ በቀስ የሚቆርጥበትን ነገር ሲያስረዳኝ ጭንቅላቴ ውስጥ መጀመሪያ የመጣው ያ እቁብ ነበር። ይኸኛውም የመጀመሪያው ዕጣ ለእኔ የወጣበት እቁብ መሰለኝ። አሁን ዓመት ከመንፈቅ ስለሞላኝ፣ እዚህ እንግሊዝ አገር ላላችሁና አሠሪያችሁ ይህን ዕድል ለሚሰጣችሁ፣ ደግሞም ሠራተኛ ለምታስተዳድሩ፣ ያየሁትን በሙሉ ልንገራችሁ።

ሥራዬ የጽዳት ሱፐርቫይዘር ነው። ሊቨርፑል ስትሪት ባቡር ጣቢያ አጠገብ ያለ ትልቅ የቢሮ ሕንፃ ውስጥ። በሐበሻ ሰዓት ንጋት 12 ሰዓት እገባለሁ፣ ቀን 7 ሰዓት እወጣለሁ። ቤቴ ሰሜን ለንደን፣ ሰቨን ሲስተርስ ነው። ድሮ የምሄደው በ149 ቁጥር አውቶቡስ ነበር። ሌሊቱን ሙሉ ስለሚሠራ የንጋት ሠራተኛ ሁሉ ያውቀዋል። ያኔ አንድ ጉዞ 1.75 ፓውንድ ነበር። ደርሶ መልስ 3.50። በሳምንት አምስት ቀን 17.50። በአራት ሳምንት 70 ፓውንድ። ይህችን 70 ፓውንድ ያዙልኝ፤ እመለስባታለሁ።

ግንቦት 2024 ላይ የሠራተኛ አስተዳደር ክፍሉ (ኤችአር) ስለዚህ ፕሮግራም ኢሜይል ላከልን። ነገሩ አዲስ አይደለም፤ ሕጉ የወጣው በ1999 ነው። አሠራሩ እንዲህ ነው። አሠሪያችሁ ሳይክሉን ይገዛና ለእናንተ ያከራያችኋል። ኪራዩን በየወሩ ከደመወዛችሁ ላይ ይወስዳል። ዋናው ቁም ነገር የሚወስደው የገቢ ግብርና ናሽናል ኢንሹራንስ (ለማኅበራዊ መድን የሚከፈለው መዋጮ) ከመቆረጡ በፊት መሆኑ ነው። «ሳላሪ ሳክሪፋይስ» ይሉታል። ስሙ ያስደነግጣል፤ ደመወዝ መስዋዕት የሚሆን ይመስላል። ብዙ የሥራ ባልደረቦቼ ስሙን አንብበው ብቻ ኢሜይሉን ዘጉት። እኔም ልዘጋው ነበር። ያቆመኝ ከሥር የነበረው የሳይክል ሥዕል ነው።

ቁጥሩን ልንገራችሁ፤ ቁጥሩ ነው እውነቱን የሚናገረው።

የእኔ ሳይክል 560 ፓውንድ ነበረች። ሄልሜት 35፣ ጠንካራ ቁልፍ 55፣ የፊትና የኋላ መብራት 30፣ ከኋላ ዕቃ መጫኛና ቦርሳ 40። ድምሩ 720 ፓውንድ። ሳይክሉ ብቻ ሳይሆን ለደኅንነት የሚያስፈልገው ዕቃ ሁሉ አብሮ ይገባል፤ መንፊያም፣ ፓራፋንጎም፣ የሚያበራ ሰደርያም። ይህን ብዙ ሰው ስለማያውቅ ሳይክሉን ብቻ ያስመዘግብና ቁልፉን ከኪሱ ይገዛል።

720 ፓውንድ ለ12 ወር ሲካፈል 60 ነው። የደመወዝ ዝርዝር ወረቀቴ (ፔይስሊፕ) ላይ 60 ፓውንድ ይቀነሳል። እጄ ላይ የሚጎድለው ግን 60 አይደለም። ከዚያ 60 ላይ 20 በመቶ ግብር፣ 8 በመቶ ናሽናል ኢንሹራንስ እከፍል ነበር። አሁን አልከፍልም። ስለዚህ በእውነት የጎደለኝ በወር 43 ፓውንድ ከ20 ሳንቲም ነው። የመጀመሪያውን ፔይስሊፕ ከበፊቱ ጋር ጎን ለጎን አስቀምጬ በእርሳስ አስልቼዋለሁ። ልክ ነው።

አሁን ወደ 70 ፓውንዷ ልመለስ። በአውቶቡስ በአራት ሳምንት 70 አወጣ ነበር። ሳይክሏ በወር 43 ወሰደችብኝ። ሳይክሏን እየከፈልኩ እንኳ ከድሮው ይልቅ ገንዘብ ይተርፈኛል ማለት ነው። እናቴ ይህን ስነግራት በስልክ ዝም አለች። ከዚያ «እንዳባትሽ» አለች።

ማመልከቻው ላይ ብዙ አልቆይም። ድረ ገጽ ላይ ትሞላላችሁ፣ ኤችአር ያጸድቃል፣ ኮድ ይላክላችኋል፣ ኮዱን ይዛችሁ ሱቅ ትሄዳላችሁ። የእኔ ዘጠኝ ቀን ፈጀ። የቢሮ ሠራተኞች በኮምፒውተራቸው አሥር ደቂቃ ውስጥ ይጨርሱታል። እኛ የጽዳት ሠራተኞች የመሥሪያ ቤት ኢሜይል የሌለን ብዙ ነን። ለሦስት ባልደረቦቼ በስልኬ እኔ ነኝ የሞላሁላቸው። አሠሪዎች ይህን አስቡበት። በኢሜይል ብቻ የሚነገር ዕድል ኢሜይል ላለው ሰው ብቻ ነው የሚደርሰው። አንድ ወረቀት የልብስ መቀየሪያ ክፍላችን በር ላይ ቢለጠፍ ኖሮ ሁሉም ያየው ነበር።

ሱቅ ላይ ግን ትንሽ ልቆይ፤ እዚያ ብዙ ገንዘብ ይገኛል፣ ይጠፋልም።

መጀመሪያ የሄድኩበት ሱቅ አንዲት የምታምር አረንጓዴ ሳይክል ነበረችው። ዋጋዋ ከ560 ወደ 450 ወርዷል። ኮዴን ሳሳየው ሻጩ «በቅናሽ ዋጋ በዚህ ኮድ አንሸጥም፤ በኮድ ከሆነ 560 ነው» አለኝ። ለምን ብዬ ጠየቅኩት። ሱቁ በኮድ ሲሸጥ ፕሮግራሙን መሃል ሆኖ ለሚያስተዳድረው ድርጅት ኮሚሽን እንደሚከፍል ነገረኝ። ክፉ ሰው አልነበረም፤ ቁጭ አድርጎ ነው ያስረዳኝ። እኔም እዚያው ስልኬን አውጥቼ አሰላሁ። 560 ከግብር በፊት ሲከፈል 403 ፓውንድ ገደማ ይሆናል። በዚያ ላይ ደግሞ ሳይክሏን የራሴ ለማድረግ መጨረሻ ላይ የምከፍለው 7 በመቶ አለ (በኋላ አስረዳችኋለሁ)፣ ወደ 39 ፓውንድ። ድምሩ 442። በጥሬ ገንዘብ 450። ልዩነቱ ስምንት ፓውንድ አይሞላም!

ስለዚህ የመጀመሪያው ምክሬ ይህ ነው። እጃችሁ ላይ ጥሬ ገንዘብ ካለ፣ የቅናሽ ወቅት ጠብቁና አወዳድሩ። ፕሮግራሙ ሁልጊዜ ርካሹ መንገድ አይደለም። እኔ ግን ያኔ እጄ ላይ 450 ፓውንድ አልነበረም። ልጄ ትምህርት ቤት የምትጀምርበት ሰሞን ነበር። ለእኔ ትልቁ ጥቅም የግብሩ ቅናሽ ሳይሆን ያለ ወለድ በ12 ወር ከፍዬ ሳይክሏን ዛሬ መውሰዴ ነው። ይህን ማንም ማስታወቂያ ላይ አይጽፈውም። ሁሉም ስለ ግብር ነው የሚያወራው።

አረንጓዴዋን ትቼ ሌላ ሱቅ ሄድኩ። እዚያ ነው ሰማያዊዋን ያገኘኋት። ስምንት ማርሽ አላት፣ መሪዋ ቀጥ ያለ ነው፣ ኮርቻዋ ሰፊ። ሻጯ ወጣት ልጅ ነበረች። ቁመቴን ለክታ ኮርቻውን አስተካከለችልኝና «ዙሪያውን ነድተሽ ነይ» አለችኝ። 11 ዓመት! እግሬ ግን አልረሳም። መንገዱ ጫፍ ደርሼ ስመለስ ዓይኔ እንባ አቅርሮ ነበር።

መንገዴን ልንገራችሁ። ሳይክልዌይ 1 ይባላል፤ ከእኛ ሰፈር ከቶተንሃም ወደ ሲቲ፣ ወደ ለንደን የባንኮች ሰፈር የሚወርድ የሳይክል መንገድ። ትልቁን አስፋልት ትቶ በውስጥ ለውስጥ መንገድ ነው የሚሄደው። ስታምፎርድ ሂል ላይ ትንሽ ዳገት አለችው። ከዚያ ስቶክ ኒውንግተን፣ ከዚያ ዳልስተን ጀርባ ያሉ ጸጥ ያሉ መንደሮች፣ ከዚያ ሆክስተን፣ ከዚያ ሥራ ቦታ። ስምንት ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። በመጀመሪያው ሳምንት 45 ደቂቃ ፈጀብኝ። አሁን 32 ደቂቃ። በንጋት መኪና የለም። ቀበሮዎች አጥር ላይ ቁጭ ብለው ያዩኛል። በዐቢይ ጾም ሰሞን ረጋ ብዬ ነው የምነዳው፣ እስከ ቀን ሳልቀምስ ስለምቆይ። ቢሆንም አንድም ቀን አላቋረጥኩም።

ክረምቱ ከባድ ነው፤ አልዋሽም። ኅዳርና ታኅሣሥ ላይ ዝናቡ ከጎን ነው የሚመጣው። አንድ ቀን ዳልስተን አካባቢ የኋላ ጎማዬ ተነፈሰ። ጎሚስታ የት አለ በንጋት 11 ሰዓት ተኩል! ግን የጎሚስታ ያለህ የምል ሰው አይደለሁም። አባቴ ካላማዳሪያ መለጠፍ ያስተማረኝ በስምንት ዓመቴ ነው። ቤት ውስጥ ሲሆን ሳፋ ውኃ ውስጥ ይነከርና አረፋው የሚወጣበት ይታያል። መንገድ ላይ ውኃ ከሌለ ወደ ጉንጭ አስጠግቶ ነፋሱን መስማት ነው። ጉንጬ ላይ አገኘሁት። ለጥፌ፣ ነፍቼ፣ 10 ደቂቃ አርፍጄ ገባሁ። ማንም አልተቆጣኝም።

እዚህ ላይ መሥሪያ ቤቴን ላመስግን። ምድር ቤት የሚቆለፍ የሳይክል ማቆሚያ ሠርተዋል። ሻወር አለ። እርጥብ ልብስ የሚደርቅበት ሞቃት ክፍል አለ። በሦስት ወር አንድ ቀን መካኒክ ይመጣል፤ ፍሬንና ሰንሰለት በነፃ ያያል። ለአሠሪ ይህ ትንሽ ወጪ ነው። ለእኔ ግን ከግብሩ ቅናሽ አይተናነስም። የግብሩ ነገር ሳይክሏን አስገዛኝ፣ በየካቲት ብርድ እንድነዳት ያደረገኝ ግን ማድረቂያ ክፍሉ ነው።

አሁን ወደ ቅሬታዬ ልምጣ። ሦስት አሉኝ፤ ሦስቱም እኩል አይደሉም።

የመጀመሪያው የ12 ወሩ መጨረሻ ነው። 12 ወር ሙሉ ከፍላችሁ ስትጨርሱ ሳይክሉ የእናንተ የሆነ ይመስላችኋል። አይደለም። ስትከፍሉ የነበረው ኪራይ ነው። ሰኔ 2025 ላይ ደብዳቤ ደረሰኝ። ሦስት ምርጫ ሰጠኝ። መመለስ፣ ወይም አሁኑኑ በገበያ ዋጋ መግዛት፣ ወይም ኪራዩን ማራዘም። የገበያ ዋጋውን የሚወስነው የግብር መሥሪያ ቤቱ ሠንጠረዥ ነው። ከ500 ፓውንድ በላይ የሆነ ሳይክል ከአንድ ዓመት በኋላ 25 በመቶ ነው። የእኔ 720 ስለነበር 180 ፓውንድ ማለት ነው። ዓመቱን ሙሉ ያተረፍኩት ግብር ደግሞ 201 ፓውንድ ከ60 ነው። 180ውን ብከፍል ኖሮ የቀረልኝ 21 ፓውንድ ብቻ ነበር። ልክ ያንን መስመር ስታዩ እጃችሁ ይቀዘቅዛል።

ትክክለኛው ምርጫ ሦስተኛው ነው። 7 በመቶ ትከፍላላችሁ፤ ለእኔ 50 ፓውንድ ከ40 ነበር። ከዚያ ሦስት ዓመት ያለ ምንም ወርሃዊ ክፍያ ትነዳላችሁ። ሦስት ዓመቱ ሲያልቅ ያ 7 በመቶ እንደ ዋጋው ይቆጠርና ሳይክሉ የእናንተ ይሆናል። እንዲህ ሲሆን ለ720ው ዕቃ በጠቅላላ የወጣኝ 568 ፓውንድ ከ80 ነው። 151 ተርፎኛል። ከ500 ፓውንድ በታች ለሆነ ሳይክል ደግሞ 7 መሆኑ ቀርቶ 3 በመቶ ነው። ይህ ሁሉ ግን መጀመሪያ ስንፈርም በግልጽ ሊነገረን ይገባ ነበር። ውሉ ውስጥ በትንንሽ ፊደል ተጽፏል። እንግሊዝኛ ሁለተኛ ቋንቋው የሆነ ሰው በሥራ ዕረፍቱ ያንን እንዲያነብ መጠበቅ ተገቢ አይመስለኝም።

ሁለተኛው ደግሞ በመሃል ነገር ሲበላሽ ነው። ሥራ ከለቀቃችሁ የቀረው ክፍያ ከመጨረሻው ደመወዛችሁ በአንድ ጊዜ ይቆረጣል፤ ያውም ያለ ግብር ቅናሹ። ሳይክሉ ቢሰረቅም ክፍያው አይቆምም። አንድ ባልደረባዬ ሳይክሉን ከሱፐርማርኬት ደጅ ሰረቁበት። ሰባት ወር ሙሉ ለሌለ ሳይክል ከፈለ። ስለዚህ ኮዱን ከመቀበላችሁ በፊት የቤት ዕቃ መድናችሁ ሳይክል ከቤት ውጭ ይሸፍን እንደሆነ ጠይቁ። ነፍሰ ጡር የሆናችሁ ወይም ለመሆን የምታስቡ እህቶች ደግሞ ይህን ልብ በሉ። የወሊድ ክፍያ የሚሰላው በተወሰኑ ሳምንታት አማካይ ደመወዛችሁ ላይ ነው። የመጀመሪያዎቹ ስድስት ሳምንታት የዚያ 90 በመቶ ነው። ሳላሪ ሳክሪፋይስ ያንን አማካይ ይቀንሰዋል። ጊዜውን አስተካክሉት።

ሦስተኛው ግን ከልቤ የሚያመኝ ነው።

ሕጉ ደመወዛችሁ ከተቆረጠ በኋላ ከአገሪቱ ዝቅተኛ ክፍያ በታች እንዳይወርድ ያዝዛል። በራሱ ጥሩ ሕግ ነው፤ ሠራተኛን ለመጠበቅ የወጣ። እኔ ስጀምር ዝቅተኛው ክፍያ በሰዓት 11.44 ፓውንድ ነበር። እኛ የሚከፈለን የለንደን ሊቪንግ ዌጅ ነው፣ አሠሪዎች በፈቃዳቸው ከሕጉ በላይ የሚከፍሉት፤ ያኔ 13.15። በሰዓት የ1.71 ልዩነት አለ፤ በሳምንት 35 ሰዓት ለሚሠራ በወር ከ250 ፓውንድ በላይ። የእኔ 60 ፓውንድ በቀላሉ አለፈች።

ጓደኛዬ ግን ከእኛ ሁለት መንገድ ወረድ ብላ ሌላ ድርጅት ነው የምታጸዳው። እሷም ከቶተንሃም ነው የምትመጣው። እሷም በንጋት ነው የምትገባው። የሚከፈላት ልክ ዝቅተኛው ነው። ሳንቲም አይበልጥም። ኮዱን ስትጠይቅ «አይፈቀድልሽም» አሏት። ሳንቲም እንኳ ብትቀንስ ከሕጉ በታች ትወርዳለችና። በኮንትራት ራሳቸውን ችለው ምግብ በሳይክል የሚያመላልሱት ልጆችም አይገባቸውም፤ ተቀጣሪ አይደሉምና። ቀኑን ሙሉ ሳይክል ላይ ናቸው፤ ለእነሱ ግን የለም። ጥሩ ደመወዝ ያለው ሰው ደግሞ በ40 በመቶ የግብር እርከን ውስጥ ስለሆነ ከግብሩና ከናሽናል ኢንሹራንሱ አንድ ላይ 42 በመቶ ይቀንስለታል። እኔ 28። ጓደኛዬ ዜሮ። ከአውቶቡስ ወጪ መገላገል የሚያስፈልገው ለማን ነበር?

አሠሪዎች «ሕጉ አይፈቅድም» ሲሉ ግማሹን ብቻ ነው የሚናገሩት። ሕጉ ሳላሪ ሳክሪፋይስ የግድ ነው አላለም። አሠሪው ሳይክል ገዝቶ ምንም ሳይቆርጥ ለሠራተኞቹ ማዋስ ይችላል። ለሁሉም ሠራተኛ ክፍት እስከሆነና ሳይክሉ በዋናነት ለሥራ ጉዞ እስከዋለ ድረስ ግብር የለበትም። አልችልም ካለ ደግሞ ብድር አለ። አሠሪ ለሠራተኛው ያለ ወለድ እስከ 10,000 ፓውንድ ሲያበድር ግብር አይጠየቅበትም። የብድር ክፍያ ከደመወዝ ቢቆረጥም ዝቅተኛ ክፍያን እንደጣሰ አይቆጠርም። ጓደኛዬ የግብሩን ቅናሽ ባታገኝም ያንን የመጀመሪያ ዕጣ ታገኝ ነበር።

«ገንዘቡ ከየት ይምጣ?» ለሚለኝ መልስ አለኝ። አሠሪውም ከዚህ ነገር ይተርፈዋል። እኔ 60 ፓውንዴን ስተው እሱም በዚያ 60 ላይ የአሠሪ ናሽናል ኢንሹራንስ አይከፍልም። ያኔ 13.8 በመቶ ነበር፤ ከሚያዝያ 2025 ጀምሮ 15 በመቶ ሆኗል። በእኔ ሳይክል ብቻ በዓመት ወደ 100 ፓውንድ ተርፎታል። የእኛ ሕንፃ ውስጥ ብቻ በፕሮግራሙ የገባን ሰዎች ቀላል አይደለንም። ያ ትርፍ በአንድ ኪስ ተቀምጦ ለማይፈቀድላቸው ሠራተኞች ብድር ቢሆን፣ አሠሪው ከራሱ አንድ ሳንቲም አያወጣም። ይህን በሠራተኞች ስብሰባ ላይ እጄን አውጥቼ ተናግሬያለሁ። «እናየዋለን» አሉ። በየስብሰባው እጠይቃቸዋለሁ።

ሌላ አገር እንዴት እንደሚያደርጉት ሳይ ደግሞ እቀናለሁ። የአክስቴ ልጅ ቤልጂየም፣ ጌንት ነው የምትኖረው። እዚያ አሠሪ ሳይክል ለሚነዳ ሠራተኛ በኪሎ ሜትር ይከፍላል። ከግንቦት 2023 ጀምሮ በግል ድርጅቶችም ግዴታ ሆኗል፤ ሲጀመር በኪሎ ሜትር 0.27 ዩሮ ነበር። እሷ ሰባት ኪሎ ሜትር ትነዳለች። ደርሶ መልስ 14። በዚያ ሒሳብ በቀን 3.78 ዩሮ። በ20 የሥራ ቀን 75 ዩሮ ከ60። የሳይክሏ ዋጋ ለውጥ አያመጣም። ሁለተኛ እጅ በ80 ዩሮ የገዛችውን ነው የምትነዳው። ገንዘቡን የምታገኘው ስለገዛች ሳይሆን ስለነዳች ነው። ዝቅተኛ ደመወዝ ያለው ሠራተኛም አይቀርበትም። እዚህ እንግሊዝ በማይል 20 ሳንቲም ከግብር ነፃ የሚፈቀድ አለ፤ ግን በሥራ ሰዓት ከቦታ ቦታ በራሳቸው ሳይክል ለሚሄዱ ነው፣ ለምሳሌ አረጋውያንን ቤት ለቤት ለሚንከባከቡ። ከቤት ወደ ሥራ ለመምጣት አይሠራም። በዚህ ሥራ ላይ ያላችሁ ካላችሁ ግን ጠይቁ፤ ብዙዎቻችሁ እንደማትጠይቁ አውቃለሁ።

ነጥብ ስጪ ካላችሁኝ ከ5 ሦስት ተኩል እሰጠዋለሁ። ደመወዛችሁ ከዝቅተኛው ከፍ ካለ፣ ሥራችሁ ላይ ዓመት እንደምትቆዩ እርግጠኛ ከሆናችሁ፣ የሦስት ዓመቱን ማራዘሚያ ከመረጣችሁ ግቡበት፤ አትቆጩም። መንዳት የማትችሉ ከሆነ ብዙዎቹ የለንደን ካውንስሎች (የአካባቢ መስተዳድሮች) በነፃ ያስተምራሉ። ከእኛ ቡድን አንዲት የ52 ዓመት እናት በዚያ ነው የተማረችው። አሁን ቅዳሜ ቅዳሜ በሊ ወንዝ ዳር ትነዳለች። የጎደለው አንድ ነጥብ ተኩል የጓደኛዬ ነው።

የእሷን ነገር ግን አልተውነውም። ባለፈው ወር ስድስት ሆነን እቁብ ጀመርን፤ በወር 80፣ 80 ፓውንድ። 480 ይሆናል። ያለ ዕጣ፣ የመጀመሪያው ለእሷ ይሁን ብለን ተስማማን። እሷ «አይሆንም፣ ዕጣ ይውጣ» አለች። ዕጣው ሲወጣ ሦስተኛ ሆነች። ተራዋ የፊታችን ወር ነው። የመረጠችው ሳይክል እንደ እኔዋ ሰማያዊ ናት፣ በቅናሽ 390 ፓውንድ። ቁልፉንና መብራቱን በቀረው ትገዛለች። እሁድ ከቅዳሴ በኋላ ስታምፎርድ ሂልን አብረን ወጥተን መንገዱን አሳያታለሁ።